የእጩዎችን አያት አጣርቶ ለመመደብ የወጣ አዋጅ

መግቢያ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ከባቡሩ የወረደውንም ሁሉ በጊዜው ብሔሩን የጠየቀው ባለመኖሩ፤ ነዋሪው ከመጋላ አግብቶ ከዚራ ሲወልድ፣ ከዚራ ወልዶ ሳቢያን ሲድር ማንንም ሳያስፈቅድ በመኖሩና ይህም በመዝገብ አያያዝ ላይ ከፍተኛ መጉላላት በመፍጠሩ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የብሔር ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ቢልም፣ ሰነዱ የድሬዳዋን ስም አንድም ቦታ ስለማያነሳ እኛን አይመለከተንም ብሎ መከራከር ስለሚቻል፤

«40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለተቀረው» የሚለው የሥልጣን ክፍፍል ስሌት፣ የከተማዋ ቻርተር በሆነው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ውስጥ ሳይጻፍ ከተጻፈው በላይ ሲከበር በመኖሩ፣ ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ይግባኝ ለማለት እንኳ ስለማይመች፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአያት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«እጩ» ማለት አያት ያለው ሰው ነው። «ችሎታ» የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ ስላልገባ ትርጓሜ አላስፈለገውም።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን
ከጎሮ እስከ መልካ ጀብዱ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ብሔር መሙያው መስመር

1. በእጩነት ቅጹ ላይ «ብሔር» ከሚለው ቃል ፊት ያለው ነጠብጣብ ከአንድ ቃል በላይ አይጻፍበትም።

2. ሁለት ቃል የጻፈ እጩ ቢኖር፣ መዝጋቢው ማስመሪያ አስደግፎ አንደኛውን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዝለታል። የትኛው እንደሚሰረዝ የሚታወቀው የሞላው ኮታ ከታየ በኋላ ነው።

3. በንዑስ አንቀጽ 2 የተደነገገው ቢኖርም፦

(ሀ) አባቱ ሶማሌ እናቱ ኦሮሞ የሆነ እጩ በአባቱ ይቆጠራል። የአባቱ 40 ሞልቶ ከሆነ ግን አባቱ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ እንደ እናት ይቆጠራሉ።

(ለ) ጉርጉራ የሆነ እጩ፣ ዘሩን ከሶማሌ እየቆጠረ በኦሮምኛ አፉን የፈታ በመሆኑ፣ ረፋድ ላይ ከአንዱ 40፣ ከአሥር ሰዓት ወዲያ ከሌላው 40 ይቀመጣል። በቀትር ከተማው ሁሉ ስለሚተኛ የማንም አይደለም።

(ሐ) አማራ፣ ጉራጌ፣ ሐረሪ፣ ትግራዋይ፣ ወላይታና ሌላውም ሁሉ በ20ው ውስጥ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በ1999ኙ ቆጠራ አማራው ብቻውን 20 ከመቶ ገደማ ስለነበረ የቀሩት መታቀፍ ይችላሉ። በዚያው ቆጠራ ኦሮሞው ወደ 46፣ ሶማሌው ወደ 24 ከመቶ ሆነው መገኘታቸው የቆጣሪዎች ስህተት ነው፤ ስሌቱ አይሳሳትም።

(መ) የግሪክ፣ የአርመን ወይም የየመን ዐረብ የልጅ ልጅ፣ የአያቱ ሱቅ በር ወደየት ይከፈት እንደነበር ታይቶ ይመደባል።

(ሠ) አባቱ ከአማራና ከኦሮሞ፣ እናቱ ከሶማሌና ከጉራጌ የተወለዱ እጩ፣ ማለትም ይህን አዋጅ የሚያውጀው ግለሰብ፣ አራት ቃል በመጻፉ ሦስቱ ይሰረዙበታል። የቀረው ቃል የ20ው ወገን ሆኖ ቢገኝ፣ መዝጋቢው «ጋሼ፣ የ20ው ሞልቷል፤ የእናትህን አያት ስም አምጣና በ40ው እንሞክርልህ» ይለዋል።

ይህን ያለኝ የአንድ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ልጅ ነው። የፓርቲውን ስም አልጠራም። ልጁም ክፉ አይደለም፤ ደግ ሆኖ፣ ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው ያለኝ፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ስለ ውሃ ሁለት ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር፦ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ስለ መጋገሩ፣ ቧንቧውንም ስለ መድፈኑ፣ የሳቢያን ጉድጓዶችም ስለሚጠበቁበት መንገድ። ልጁ ገጾቹን ተቀበለኝ፤ አጠፋቸውና እንደ ማራገቢያ ፊቱን ያራግብባቸው ጀመር። ሙቀት ነበር፣ አልፈርድበትም። ግን አንድ መስመር አላነበበም። ኧረ አቦ! እኔ እኮ የመጣሁት ስለ ውሃ ነው! የእናቴ አያት ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ምክር ቤት ገብተው እጅ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው?

(አዋጁ ይቀጥላል።)

(ረ) የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ማንንም ቅጽ ያላስሞላ በመሆኑ ከባድ የአሠራር ግድፈት ፈጽሟል። ከእንግዲህ ሲሞላ ከመቶው 40 ከአንዱ፣ 40 ከሌላው፣ 20 ከተቀረው ይወስዳል። በቅይጥ ቤተሰብ ላይ የደረሰ እንደሆነ እናትየዋን ከልጇ ለይቶ ይመዘግባል። አስከሬን ፍለጋ የሚወጡ ጎረቤቶችም የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ይፈልጋሉ።

ሳቅ የጠበቀ አንባቢ ወደ አንቀጽ 5 ይለፍ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ከንቲባ
በተራ።

አንቀጽ 6፦ ስለ ተቃውሞ
በጥር 2011 ዓ.ም. ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ይህ ስሌት ይቅር ማለታቸው ይታወሳል። ያንን ጥያቄ ደግሞ ማንሳት የሚሻ ሰው በቅድሚያ በጠያቂነት የተመደበለት ኮታ አለመሙላቱ ይጣራል። ወደ ጥያቄው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

አንቀጽ 7፦ ተፈጻሚነት የሌላቸው ልማዶች
ጉርብትና፣ አብሮ አደግነት፣ ሚዜነት፣ እንዲሁም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ መናገር በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። ሆኖም የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች 40፣ 40፣ 20 መሆናቸው ተጣርቶ ስላላለቀ፣ እስከዚያው ድረስ ሳይጻፍ ይጸናል።