የት ላይ?

በአምባ ጊዮርጊስ ወይም በዳባት አንድ ወጣት የሾፓንን ኖክተርን በኪቦርድ ተለማምዶ፣ በስልኩ ቀድቶ፣ ለወዳጅ ዘመድ በቴሌግራም ቢልክ ምን መልስ እንደሚያገኝ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ግሩም ነው»፣ «እጅህ ይባረክ»፣ «በርታ»፤ ከዚያ ሦስት የሚያጨበጭቡ እጆች። ቅጂው አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ምስጋናው ግን ገና በግማሽ ደቂቃው ከተፍ ብሏል። አጎት ብቻ ሰው አክባሪ ናቸውና እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። አዳምጠውም «መግቢያው ደህና ነው፤ ዘፋኙ የሚገባው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁሉም አስተያየት የሚሻለው የአጎት ነው። ቢያንስ ሰምተዋል፤ ጎደለ ያሉትንም ሳይደብቁ ተናግረዋል።

ምስጋና ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ወጡ አሻቦ ሆኖም «ጠግቤያለሁ፣ እጅሽ ይባረክ» ብሎ እንደሚነሣ እንግዳ፣ የኛ አድማጭ የሚያስበው ስለ ጨዋነቱ እንጂ ስለ ቀረበለት ነገር አይደለም። ለተለማማጅ ግን የሚጠቅመው አስተያየት አንድ ጥያቄ የሚመልስ ነው፤ የት ላይ? ግሩም የሆነው የት ላይ ነው? የተበላሸውስ? ይህን የማይመልስ ሙገሳም ሆነ ነቀፋ ለማንም ቢላክ ያው ነው። ከሾፓን ኖክተርኖች ተለማማጆች ሁሉ የሚሮጡለትን ኦፐስ 9 ቁጥር 2 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1832 የታተመ፣ በቀስታ የሚሄድ ድርሰት ነው። ግራ እጅ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመታና ሁለት ኮርድ ያስከትላል፤ ይህንኑ እስከ መጨረሻው ገደማ ሳይታክት ይደጋግማል። ቀኝ እጅ በላዩ ላይ ዜማውን ያንጎራጉራል፤ ዜማው በተመለሰ ቁጥርም ጌጡ ይጨምራል። ስለዚህ ጥፋቱ የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ግራው ጮሆ ዜማውን ይውጠዋል፤ ጌጡ ሲበዛ ጣት ይወሳሰብና ጊዜው ይንቀራፈፋል፤ ዜማው ሲመለስም ምንም አዲስ ነገር ሳያመጣ ያንኑ ይደግማል። ይህን ለመስማት የግማሽ ደቂቃ ጆሮ አይበቃም።

የሚገርመው፣ ይህ አገር የእርማት ድሃ አለመሆኑ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ በመኪና ቁልቁል ቢወረድ ጎንደር በአታ አለች፤ አቋቋም የሚመሰከርባት። ድጓ የሚቀጽል ተማሪ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ሲያዜም «ግሩም ነው» የሚለው የለም። ድምፁ መውደቅ በሚገባው ቦታ ካልወደቀ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ ይደግመዋል። የዜማ ምልክቶቹ እነ ድፋት፣ ይዘት፣ ጭረትና ርክርክ ከፊደሉ ራስ ላይ የሰፈሩት ለዚሁ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ተማሪው ሲሳሳት የተሳሳተበት ፊደል ይታወቃል ማለት ነው። ቅኔ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ተማሪው የቆጠረውን ይነግራል፤ መምህሩ ቤቱ የጎደለበትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልገጠመበትን እየለየ ያቃናለታል። ምስጋናውም ቢሆን ቦታ አለው፤ «ይበል!» የሚባለው ወርቁ ሲገለጥ እንጂ ባለቅኔው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ አይደለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ጆሮ ባለበት አገር ፒያኖ ሲመጣ ሁላችን የሠርግ ታዳሚ የምንሆነው ለምንድን ነው?

«የፈረንጅ ሙዚቃ ስለማናውቅ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። በትዝታና በባቲ የኖረ ጆሮ፣ ሾፓን በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ሲወርድ «እዚህ ላይ ሳተ» ሊል ይችላል፤ ያልሳተውን ማረም ደግሞ ካለማረም ይብሳል። ግማሹ ግን ሰበብ ነው። የሾፓን ተማሪዎች እንደተናገሩት፣ መምህራቸው ግራ እጅ ጊዜ ጠባቂ እንዲሆን አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ቀኝ እጅ ቢዘገይም ቢፈጥንም ግራው እንዳይናወጥ። ይህ የከበሮ ሥራ ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ከበሮው ሲያመነታ ይሰማል፤ ኖታ ማንበብም አያስፈልገው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ቢሆን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ላይ ከመቀመጡና ለተጨማሪ ትምህርት ሶፊያ ከመሄዱ በፊት የተዋወቀው ከክራር ጋር ነበር። የክራር ጆሮው ፒያኖን ሲከለክለው አልታየም። ስለ ድምፆቹ ስምምነት (ሃርሞኒ) የማያውቅ ሰው ስለ ስምምነቱ ዝም ይበል፤ ስለ ጊዜው፣ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ግራ እጁ ጩኸት ግን የመናገር ሙሉ ሥልጣን አለው።

ከበድ ያለው መቃወሚያ ሌላ ነው፤ እሱም ጎንደርን ረግጦ ያለፈ ነው። ፒያኒስቷ መነኩሲት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ እየለመኑ የሚማሩትንና ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው አዘኑ፤ የሚሰጡት ገንዘብ ባይኖራቸውም ሙዚቃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ የታሰበ ነው። አሁን ያንን አጨዋወት ሜትሮኖም ይዞ ለተቀመጠ አራሚ አቅርቡለት። ጊዜው ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፣ አንዳንዴም ምቱ የት እንደገባ ይጠፋል። አራሚያችን በየመስመሩ ቀይ ያሰምርበት ነበር፤ ዓለምም ከእማሆይ ይልቅ አንዲት ቀጥ ያለች ተማሪ ታተርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ በቤታቸው በቴፕ የቀዷቸውና ካረፉ በኋላ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጡት መዝሙሮቻቸውማ የባሱ ናቸው፤ ከመስኮቱ ውጪ ወፍ ይንጫጫል፣ የፒያኖው አግዳሚ ወንበር ይንቋቋል። «ቅጂህ ጥራት የለውም» ለሚለው አስተያየት ከዚህ የተሻለ ምላሽ አላውቅም። ታዲያ እርማት እንዲህ ያለውን ውበት ይገድላል የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል ወይ?

በከፊል አልተሳሳቱም፤ አራሚ ሁሉ አራሚ አይደለምና። ግን የሚተነፍስ ጊዜና የሚደናቀፍ ጊዜ ይለያያሉ፤ መለያውም ቀላል ነው፤ «ድገመው» ማለት። በድጋሚውም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ያህል ከዘገየ ሰውየው አስቦበታል፤ ሐሳቡን መውደድና አለመውደድ የአድማጩ ፈንታ ነው። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከዘገየ፣ በተለይም መዘግየቱ ጌጡ ከበዛበትና ጣት ከተቸገረበት ቦታ ጋር ሁልጊዜ ከተገናኘ፣ ነገሩ ስሜት ሳይሆን ጭንቅ ነው። ተለማማጅ ሁሉ ጭንቁን «ሩባቶ» (ጊዜን ሆን ብሎ መለጠጥ) ብሎ ማስጠመቅ ይወዳል። የእማሆይ ጊዜ ልምምድ ሲጎድል የመጣ አይደለም፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ቀጥሎም ካይሮ በመምህር እጅ ተቀጥቅጠው የመጡ ሰው ናቸው። እርማቱን ጨርሰው ነው ያለፉት፤ ሳይነኩት አይደለም።

«ሰው ለፍቅሩ የተጫወተውን ለምን ታስጨንቁታላችሁ?» ለሚሉ ደግሞ፣ አስጨናቂው እርማት ሳይሆን ቦታ የሌለው ነቀፋ ነው። ይህንኑ ኖክተርን የያዘው ስብስብ እንደታተመ፣ የበርሊኑ ሃያሲ ሉድቪግ ሬልሽታብ ሾፓንን ከቀዳሚው ከጆን ፊልድ ጋር እያነጻጸረ ያሾፍበት ነበር፤ ጨዋ የነበረውን ነገር አጋንኖ አበላሸው ነው ክሱ። ለቤቶቨን ሶናታ «የጨረቃ ብርሃን» የሚለውን ስም አስገኘ የሚባለውም ይኸው ሰው ነው፤ ለአንዱ ጨረቃ ሲያወጣ ለሌላው ጨለመበት። ፌዝ የሚታረም ነገር አያሳይም።

አራሚው ግን ከመናገሩ በፊት መሣሪያውን ይጠይቅ። ፔዳል በሌለው፣ 61 ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ላይ ኖክተርን የሚጫወት ልጅ ዝቅተኛውን ድምፅ ይዞ ማቆየት አይችልም፤ «ድምፁ ተቆራርጧል» ማለት ለእሱ የገበያ እንጂ የሙዚቃ ምክር አይደለም። ርካሹ ኪቦርድ ደግሞ ቁልፉ ቢዳሰስም ቢደበደብም አንድ ዓይነት ይጮኻል። ስልኩም ጣልቃ ይገባል፤ ለስላሳውን ከፍ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ እያደረገ ያስተካክለዋል፤ በድምፅ መልእክት ሲላክ እንደገና ይጨመቃል። በኅዳር ውርጭ ደባርቅ ላይ ማለዳ የተቀዳ ከሆነ፣ ጣቱ የደረቀው በልምምድ ማነስ ይሁን በብርድ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ላኪ ሆይ፣ «እንዴት ነው?» ብለህ አትላክ፤ ያ ምስጋና መለመን ነው። በፋይል ላከው፣ በምን እንደተጫወትከው ጻፍ፣ አንድ ነገር ጠይቅ፤ «ዜማው ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ግራ እጄ ይጮኻል ወይ?» በል። ተቀባይም እስከ መጨረሻው ስማ፤ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጠቅሰህ አንድ ጥፋትና አንድ የወደድከውን ቦታ ጻፍለት። ጊዜ ካጣህ «ገና አልሰማሁትም» በል። አጎትም እንደ ጀመሩት ይቀጥሉ፤ ዘፋኙ እንደማይመጣ ግን አንድ ሰው ይንገራቸው።