ሌባን ከእንግዳ በምን ይለየው?

በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ገባ ብላችሁ ስታዩ ኃይለኛ የተባለው የሁለት ወር ቡችላ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጆሮው ገና ሳይቆም፣ ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ በሰንሰለት ተጠፍሯል። «ምነው ታሰረ?» ስትሉ አባወራው መልስ አያጡም፤ «ሰው ከለመደ አይጠብቅማ!»

እዚህ ላይ ልያዝዎት ጋሼ። ሰው ያልለመደ ውሻ ሌባውን ከእንግዳው በምን ይለየው? ለእሱ ቆጣሪ አንባቢውም፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊም፣ አጥር ዘላዩም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ያስፈሩታል። በነፋሱ፣ በድመቱ፣ በባጃጁ ሲጮህ ያድራል፤ እርስዎም «ዝም በል!» ሲሉ ያድራሉ። ሌባው የመጣ ለትም ጩኸቱ ያው ነው፤ ማን ብድግ ይላል? ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየ ያደገ፣ ደህናውን ከአጉሉ መለየት የለመደ ውሻ ግን የሚጮህበት ምክንያት አለው፤ እሱ ሲጮህ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው። ጠባቂ ይሄኛው ነው። ያኛው ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሲጨንቀው የሚነክሰው በቅርብ ያገኘውን ነው፤ በቅርብ የሚገኘው ሌባው ሳይሆን የቤቱ ልጅ ነው።

«ይደግና ቀስ ብዬ አስተምረዋለሁ» የሚሉም አሉ። ሲያድግማ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል! ቡችላ በሁለት ሳምንቱ ገደማ ዓይኑን ይገልጣል፤ በሦስተኛው መስማት ይጀምራል። ከዚያ እስከ ሦስት ወሩ አካባቢ ያየውን፣ የሰማውንና ያሸተተውን ሁሉ ከደህና ነገር ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር ሲያይ የሚቀድመው ፍርሃት ነው። አሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ላይ ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ ሜዳ ከሰው ለይተው አሳድገው ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሟል። አሥራ አራት ሳምንት እስኪሞላቸው ሰው ያልቀረባቸው ቡችሎች እንደ ዱር አውሬ ሆነው ተገኙ። በሰባተኛ ሳምንታቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋር የከረሙት ግን ሰው ለመዱ። አንድ ሳምንት! እርስዎ ግን ያንን ጊዜ በሙሉ ለሰንሰለት ሰጡት።

«ታዲያ ምን ላሳየው?» ካሉ፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ሁሉ። ነጠላ ያጣፋች ሴት፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ፣ ድንገት የሚዘረጋ ጃንጥላ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የሙቀጫ ድምፅ፣ የጎረቤት ጀነሬተር፣ በማለዳ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ፣ ለበዓል የሚነዳ በግ። ሁሉንም ግን በልኩ። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጆሮውን አቁሞ ሲያይ ቁራጭ ነገር አቅምሱት። ጭራውን በእግሮቹ መሃል ከከተተ ወደ ኋላ መለስ ነው እንጂ «ምን ያስፈራሃል!» እያሉ መጎተት የለም። ተጎትቶ የቀረበ ቡችላ የሚማረው መፍራትን ብቻ ነው።

«ክትባቱን ሳይጨርስ ቢወጣ በሽታ ይይዘዋል» ላለችኝ እህቴ አክብሮት አለኝ፤ ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል። ነገር ግን ማውጣት ማለት ቆሻሻ ክምር ላይ መልቀቅ አይደለም። ታቅፈሽው አስፋልት ዳር ቁሚ፤ የተከተበ ውሻ ያለው ዘመድ ግቢ ውሰጂው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አቋም፣ ቡችላ የመጀመሪያ ክትባቱን በወሰደ በሰባት ቀኑ፣ በሰባት ወይም በስምንት ሳምንት ዕድሜው፣ ከሌሎች ቡችሎች ጋር ትምህርት ሊጀምር እንደሚችል ገልጿል።

አሁን ወደ ዱላው። «ውሻ ያለ ዱላ አይሰለጥንም። ጥፋቱንማ ያውቃል፤ ስገባ አንገቱን ደፍቶ ነው የጠበቀኝ!» ኧረ ወንድሜ፣ ጫማህን የበላው በአራት ሰዓት፤ አንተ የገባኸው በአሥራ አንድ። ውሻ ቅጣትንም ሽልማትንም የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ስትገባ ከመታኸው «ጫማ አይበላም» አይልም፤ «ጌታዬ ሲገባ ዱላ አለ» ይላል። አንገቱን መድፋቱስ? አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ባለቤቶቹ ከክፍሉ በወጡበት ውሻው የተከለከለውን ይብላ አይብላ በትክክል ሳያውቁ እንዲመለሱ ተደረገ። ያ የጥፋተኛ ፊት የሚባለው ነገር የጎላው ውሻው ባጠፋ ጊዜ ሳይሆን ባለቤቱ በተቆጣ ጊዜ ነበር። ምንም ያልበላው ውሻ እንኳ ሲቆጡት አንገቱን ደፋ። ውሻህ ያነበበው የአንተን ፊት ነው፤ አንተ ግን ኑዛዜ አድርገህ ተቀበልከው።

ያለ ዱላ እንዴት እንደሚሆን ላሳይህ። ሳይበላ፣ ራብ ሲለው ጀምር። ጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ በጣቶችህ ይዘህ አፍንጫው ላይ አድርጋት። ጾም ሆኖ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ደረቅ ዳቦም ይበቃል። እጅህን ቀስ አድርገህ ከአፍንጫው ወደ አናቱ መልሰው። ዓይኑ እጅህን ሲከተል አገጩ ቀና ይላል፤ አገጩ ቀና ሲል ቂጡ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት በነካባት ቅጽበት «ጎበዝ!» በልና አጉርሰው። ቢዘልብህ እጅህን ከፍ አድርገህ ይዘኸዋል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርገው። ከተደጋገመ በኋላ እጅህ ሲነሳ ራሱ መቀመጥ ይጀምራል፤ «ቁጭ» የሚለውን ቃል ያኔ ጨምርበት። ቃሉን ቀድመህ ደጋግመህ የጮህክበት እንደሆነ ጩኸትህን መስማት ያቆማል። ደግሞም ሳይሰለች አቁም፤ ለቡችላ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።

«ብሮ፣ አልፋው አንተ መሆንህን አሳየው፤ ገልብጠህ ደረቱን ተጫነው!» ይላል ቪዲዮ ያየ ጎረምሳ። ወሬው አርጅቷል የኔ ወንድም። ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 የተኩላ መንጋ በጉልበት የሚገዛ አለቃ፣ «አልፋ»፣ አለው ብሎ የጻፈው ባዝል ከተማ መካነ እንስሳት ውስጥ በአንድ ላይ የታጎሩትን አይቶ ነው። ሌላው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ይህንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 መጽሐፉ አስፋፋው፤ በኋላ ግን ካናዳ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ የዱር ተኩላዎችን ተከታትሎ፣ በተፈጥሮ ያለው መንጋ አባት፣ እናትና ልጆች መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1999 ጻፈ። ሰውየው ራሱ የተወውን አንተ በቡችላ ደረት ላይ ምን ታደርግበታለህ? ምግቡም በሩም በእጅህ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ጌትነት አማረህ?

በርበሬ አብልታችሁ፣ ጆሮውን ቆርጣችሁ ኃይለኛ ልታደርጉት ለምትሞክሩት ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በርበሬው አንጀቱን ያቃጥላል፤ የተቆረጠው ጆሮ ያመረቅዛል። ሕመምተኛ ውሻ ሲነኩት ይናከሳል። ይህንን ነው ጀግንነት ያላችሁት።

«ጀርመን ሸፐርድ ገዛሁ፤ ግን አበደብኝ፣ ሲፈታ ግቢውን ያተራምሰዋል!» አላበደም ጋሼ። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1899 በጀርመን በማክስ ፎን ስቴፋኒትስ እጅ ለበግ ጥበቃ የተዳቀለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር እንዲሮጥ። እርስዎ እንዲሮጥ የተፈጠረውን አስረው አዋሉት፤ ማታ ፈቱትና ለምን ሮጠ ይላሉ። በጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ በገመድ ይዘውት ይውጡ። ሲመለሱም ምግቡን በሳህን ከመስጠት ሣሩ ውስጥ በትነውለት ራሱ ይፈልገው፤ በአፍንጫው መሥራት ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። የደከመ ውሻ አበባ አይነቅልም።

«ውሻ ቤት አይገባም» ላሉኝ እናቴ፣ ማን ይግባ አለ? ይህ ሁሉ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዎን በጭቃ እግሩ ያበላሸብዎም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዘሎ ፊትዎን ማሽተት ሰላምታው ነው። ሲዘል ቢገፉት ጨዋታ ይመስለዋል፤ ቢጮሁም እንደዚያው። ጀርባ ይስጡት፤ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ዞረው ያናግሩት። ግን እርስዎ ጀርባ ሲሰጡ ዘበኛው እያቀፈ ካጫወተው ከንቱ ድካም ነው። ግቢው በሙሉ አንድ ሕግ ይኑረው፣ ልጆቹም ጭምር። በጨዋታ መሃል ጥርሱን ካጠበቀ ልጁ እጁን ሰብስቦ ጨዋታውን ያቁም፤ ቡችላው ጨዋታ እንዳይቀርበት ሲል ጥርሱን ማላላት ይማራል።

የእብድ ውሻ በሽታን ግን ማንም በተረብ አያልፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፤ ከሚሞቱት ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በየጊዜውም ይደገምለት። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በቀጥታም ወደ ጤና ጣቢያ። ሐኪም ቤት እጁን ሰጥቶ የሚያስመረምር ውሻም ሰው የለመደ ውሻ ነው፤ ያልለመደውን ማን ይዞ ይወጋዋል?

«የእኔስ ዓመት ሞልቶታል፤ አበቃለት ማለት ነው?» አላበቃለትም፣ መንገዱ ይረዝማል እንጂ። ሰው አይቶ ከማይጮህበት ርቀት ጀምር፣ እዚያው አጉርሰው፤ በየሳምንቱ ጥቂት እርምጃ ቅረብ። እስከዚያ እንግዳ ሲመጣ ወደ ማደሪያው ይግባ፤ ልጅ ብቻውን አጠገቡ አይዋል። «ይሄ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ካልከኝ፣ ወራት፤ በቀን ግን ከጠዋቱ የእግር ጉዞ ሌላ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚያች የሚሆን ጊዜ ከሌለህ ቡችላውን ሦስት ወሩ ሳያልፍ ጊዜ ላለው ሰው ስጠው፤ ለግቢህ መብራትና ጥሩ ቁልፍ ግዛለት።