ዝናብ ፈርቶ ቆመ ላሉኝ አጎቴ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፤

እኔ ከናፍቆትዎና ከብርዱ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ከናፍቆትዎ እኩል በማስቀመጤ ቅር እንዳይልዎት፤ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ እርስዎም ያስቀድሙት ነበር።

በስልክ የላኩልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ፣ ከዚያ «ዝናብ ፈርቶ ቦቴውን መንገድ ዳር አቁሞ ተኛ አሉ፤ ይሄ የኛ ዘር አይደለም» የሚለው መጣ። ወሬው ከእናቴ እንደወጣ አውቃለሁ። እኔ የነገርኳት «መንገድ ተዘግቶ ጋቢና ውስጥ አደርኩ» ብዬ ነው። እርሷ ዘንድ ሲደርስ ዝናብ ሆነ፣ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ፍርሃት ሆነ፤ ደብረ ሲና ቡና ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት፣ ሾፌር ለሾፌር።

እርስዎ ከአሰብ ነዳጅ ጭነው፣ በሚሌና በባቲ አድርገው ጣርማበርን ሲወጡ፣ ጉሙ ሲጥል ረዳትዎን አውርደው ባትሪ አስይዘው ከፊት ከፊት ያስኬዱት እንደነበር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔም የምጭነው ነዳጅ ነው። ከዴንቨር ሜዳ እነሣና ተራራ ላይ ወዳሉት ከተሞች እወጣለሁ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ 3,400 ሜትር ላይ ያወጣዎታል። እዚያ አናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ አይዘንሃወር የሚባል ዋሻ አለ። ጣልያን ከቆፈረው ከእኛው ከጣርማበር ዋሻ ጋር ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ሁለቱም ውኃ ይከፍላሉ። የእኛው ዓባይንና አዋሽን ይለያል። የዚህኛው ውኃ ግማሹ ወደ አትላንቲክ፣ ግማሹ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይሄዳል። ልዩነቱ ጣርማበር ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ቢከፋ ቢከፋ ጉምና ውርጭ ነው፤ ይሄ ግን ዓመቱን ከግማሽ በላይ በረዶ የሚጥልበት አገር ነው።

በረዶ ስልዎት ደግሞ ያንን የሚያውቁትን እንዳያስቡ። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ እየደበደበ መጣሁ ብሎ ይመጣል፣ ሩብ ሰዓት ጮኾ ይሄዳል፣ ልጆች ለቅመው ይበሉታል። የዚህ አገሩ ድምፅ የለውም። ሻይ ልጠጣ ብለው ገብተው ሲወጡ መኪናዎን ያጡታል። ነፋስ ሲነሣበት ከላይ የሚወርደውና ከመሬት የሚነሣው ይደባለቅና የራስዎ ኮፈን ጫፍ አይታይዎትም። እርሱም ቢሆን ይሻላል፤ ቢያንስ ይታያል። የከፋው የማይታየው ነው። ቀን ፀሐይ ያቀለጠችው ውኃ ማታ አስፋልቱ ላይ ስስ ሆኖ ይረጋል፤ መንገዱ እርጥብ እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። ፍሬን ሲረግጡ ጋቢናው እሺ ይላል፤ ተሳቢው ግን ወሬውን አልሰማምና ጉዞውን ይቀጥላል፣ ዞሮ መጥቶ በመስኮትዎ በኩል ሰላም ይልዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ነዳጅ የጫነ መኪና በዚያ ዋሻ ማለፍ ክልክል ነው። እሳት ቢነሣ ውስጥ ያለው ሕዝብ መውጫ የለውምና ሕጉን አልቃወምም። እና ሌላው ሁሉ በተራራው ሆድ ውስጥ ሙዚቃ እየሰማ ሲያልፍ፣ እኛ ቦቴዎች በአናቱ ነው የምንሻገረው፤ ሎቭላንድ ፓስ በሚሉት በር፣ 3,655 ሜትር ላይ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጠባብ ነው፣ ዳሩ ገደል ነው፣ መከላከያ ብረት የሌለበት ቦታ ሞልቷል። እኔ በመጀመሪያ ማርሽ እየተነፈስኩ ስወጣ፣ ያንኑ ገደል ስኪ አጥልቀው ለመዝናናት የሚወርዱ ጎረምሶች አሉ። ታች ሲደርሱ መንገድ ዳር ይቆሙና አውራ ጣታቸውን ቀስረው መልሳችሁ አውጡን ይላሉ። ጤነኞች ናቸው፣ ሥራም አላቸው፣ ጠይቄያለሁ።

ወደዚያ በር ሲወጡ «ሰባቱ እህትማማቾች» የሚባሉ የበረዶ ናዳ መውረጃዎች አሉ። ስማቸው ያምራል፣ ጠባያቸው አያምርም። ክምሩ ሲበዛ ተንሸራትቶ መንገዱ ላይ ይወርዳል። መንግሥት ታዲያ ናዳው በራሱ ጊዜ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ መንገዱን ይዘጋና ተራራውን ይተኩስበታል! መተኮስ ስልዎት የምሬን ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ለዘመናት ከጦሩ በተዋሰው መድፍ ነበር የሚመታው፤ አሁን አሁን ደግሞ ተራራው ላይ የተተከሉ፣ ከሩቅ የሚፈነዱ መሣሪያዎች አሉት። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጋቢና ውስጥ ጎንበስ አልኩ። እርስዎም ቢሆኑ ይሉ ነበር፤ እርስዎማ ከእኔ በላይ መድፍ ሰምተዋል። ሰዎቹ ግን ያለ ምክንያት አይተኩሱም። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ከዋሻው ማዶ፣ ፍሪስኮ ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ፣ ናዳው እስከ አይ-70 ድረስ ወርዶ በመሄድ ላይ የነበሩ መኪኖችን የዱቄት ደመና አልብሷቸዋል። ቪዲዮውን እልክልዎታለሁ፤ ከምሳ በፊት ይዩት።

አየሩ ሲከፋ የእኛ የቦቴዎች ማዕረግ ከፍ ይላል። እንዴት ካሉኝ፣ በሩ ሲዘጋ ማለፊያ ስለሌለን ያው የተከለከልነው ዋሻ ይከፈትልናል። ግን ከሌላ ሰው ጋር አይደለም። ሰዓቱ ሞላ ሲል መኪናው ሁሉ ይቆማል፤ ሐኪሙም፣ ባለሀብቱም፣ በስኪ የተሞላው የቤት መኪናም ይቆማል፣ እኛ ቦቴዎች ብቻ ተሰልፈን በአጀብ እናልፋለን። ጃንሆይ ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሜ ጠብቄያለሁ ይሉኝ አልነበር? አሁን የሚጠበቀው የእህትዎ ልጅ ነው። ቆመው የሚያዩን ሰዎች እጅ ባይነሡም፣ ጥሩምባ አይነፉም። እኔ ግን ትንሽ ቀብረር ብዬ ነው የማልፈው።

የሰንሰለቱን ነገር ግን ባልነግርዎት ደስ ባለኝ። እዚህ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ሜይ መጨረሻ ማንኛውም ከባድ መኪና በዚህ ተራራማ መንገድ ሰንሰለት ሳይዝ አይንቀሳቀስም፤ እሰሩ ሲባል ደግሞ ጎማው ላይ ማሰር ነው። ማሰሪያ ቦታ ተሠርቷል፣ መብራት አለው። ሌላው ሁሉ የሾፌሩ ነው። ረዳት የሚባል ፍጡር የለም! ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ታኮ ጣዩም እኔ ነኝ፤ ራሴን እጠራለሁ፣ ስዘገይ ራሴን እሰድባለሁ። ሰንሰለቱን በረዶው ላይ ዘርግቼ የተጠማዘዘውን እፈታና ከጎማው አናት ላይ አለብሰዋለሁ። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ በውስጥ በኩል ያለውን መንጠቆ በዳበሳ እፈልጋለሁ። መንጠቆው በወፍራም ጓንት አይያዝም፤ ጓንቱን ካወለቅኩ ደግሞ ብረቱ ጣቴን ይዞ አልለቅም ይላል። ፓራፋንጎው ላይ የተጋገረው በረዶ አንገቴን እስክዘረጋ ጠብቆ፣ ልክ ስዘረጋው በኮሌታዬ ይገባል። በውጭ በኩል አጥብቄ ላስቲክ እወጥርበታለሁ፣ ትንሽ ነድቼ እወርዳለሁ፣ እንደገና አጠብቃለሁ። ይሄ የአንዱ ጎማ ነው፤ የሚፈለገው አራት ነው። በሩን ተሻግሬ ደረቅ መንገድ ስደርስ ደግሞ ፍታ!

እናቴ የላከችውን ጋቢ ከሚያንጸባርቀው ሰደርያ ሥር እደርበዋለሁ። አንድ ነጭ ሾፌር አይቶት የት ነው የሚሸጠው ብሎ ጠየቀኝ። አውሮራ ከተማ ካሉት የሐበሻ ሱቆች አንዱ ዘንድ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ በክትፎ በኩል ጠፍቶ ይሆናል።

ያለ ሰንሰለት ሾልኬ ልለፍ ያለ ከ500 ዶላር በላይ ይቀጣል። ያለ ሰንሰለት ገብቶ፣ ተንሸራቶ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ከ1,000 በላይ። ትራፊኩ ደግሞ «አባቴ፣ ልጆች አሉኝ» አይገባውም፤ የልጆቼን ስም ሊጠይቀኝ ይችላል እንጂ ቅጣቱን አይቀንስም። ይሄ ነው እንግዲህ ፍርሃት ያሉት። እርስዎ ጣርማበርን በጉም ሲሻገሩ ማዶ ሲደርሱ ጀግና ይባሉ ነበር፣ ጠጅ ይቀዳልዎት ነበር። እኔ በዝግ መንገድ ሰብሬ ብደርስ የሚቀዳልኝ የለም፤ መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል፣ አለቃዬም በኩባንያው ስም ደብዳቤ ይጽፍልኛል። በዚህ አገር ተራራ የሾፌር ሙያ የሚለካው በማቆም ነው፤ መቼ እንደሚቆም ያላወቀ ጎበዝ ለክሬን ባለቤቶች ነው የሚሠራው። ይሄ ነገር ለእኔም ቢሆን ወንድነቴን ትንሽ ይነካዋል፣ አልዋሽዎትም።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከዋሻው ወደ ምዕራብ ስንወርድ ለከባድ መኪና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል ነው፤ 48 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ወደ ዴንቨር ስንመለስ ደግሞ ሜዳው ፊት ለፊት ተዘርግቶ ስለሚታይ ሾፌሩ ደረስኩ ብሎ ይዝናናል፤ ፍሬን የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መንግሥት ሰሌዳ ተክሎ ይመክረናል፦ ሾፌሮች አትታለሉ፣ ገና 4 ማይል ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ይቀራችኋል ይላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ገና አልወረዳችሁም የሚልም አለ። ሰሌዳ ላይ ተጻፈ እንጂ የእርስዎ ንዝንዝ ነው። ይህ ሁሉ ተብሎ ፍሬን እምቢ ካለ፣ ከመንገዱ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚወጣ በጠጠር የተሞላ መግቢያ አለ፤ ይገቡበታል፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ይቆማሉ። ነፍስ በነፃ ትተርፋለች። መኪናውን ማውጣት ግን በክፍያ ነው፤ ሒሳቡን ያየ ሾፌር ምነው ነፍሴ ባልተረፈች የሚል ይመስለኛል።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። በሩም፣ ዋሻውም፣ አውራ ጎዳናውም ተዘግቶ ከዋሻው በታች ካለች ትንሽ ከተማ ከሌሎች ከባድ መኪኖች ጋር ቆምን። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀርም። ሞተር አላጠፋሁም፤ እንዲህ ባለው ብርድ ናፍታ በራሱ ቧንቧ ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል። እርስዎ አፋር ላይ ነዳጁ ተነነብኝ እያሉ ሲያዝኑ ኖረው፣ የእኔው ረጋብኝ። በመልእክትዎ መጨረሻ ላይ «ከሥሩ ትንሽ እሳት አንድድለት» ያሉትን ምክር በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ እባክዎ ለሌላ የቦቴ ሾፌር ግን እንዳያስተላልፉት።

ራቴን ቆሎ በላሁ። እዚህ ክረምት ለሚነዳ ሰው ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ አካፋ ያዝ ይሉታል፤ ጎማ ሲንሸራተት የሚበተን አሸዋ የሌለው ለድመት መጸዳጃ የሚሸጠውን ጠጠር ይይዛል። አዎ፣ ድመቶቹ ቤት ውስጥ ነው የሚጸዳዱት፣ በገንዘብ በተገዛ ጠጠር። እኔም አንድ ከረጢት አለኝ። ቆሎውን ከእርሱ ለይቼ ነው የማስቀምጠው።

ስለ ልጅዎ ጉዳይ አስቤበታለሁ። መምጣቱን አልጠላም። ግን ከደብረ ሲና ተነሥቶ ጣርማበር ሳይደርስ ፌስታል የሚጠይቅ ልጅ ሎቭላንድ ላይ ምን እንደሚሆን እርስዎ ይመርምሩት። ረዳት ይሁንልህ ያሉኝም አይሆንም፤ ሥራው የለም፣ ቢኖር እኔ ራሴ እቀጠርበት ነበር። እስከዚያው እንግሊዝኛውን ያጥና፣ በሆድ መተኛትም ይለማመድ።

ገንዘቡን ማክሰኞ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ እንዳይጠፋብዎ ዛሬውኑ ይጠይቋት። ቆሎውን ስትልኩ ገብሱ ይብዛ፣ ሱፉ ይቅር፤ ገለባው ጋቢናውን እየሞላ አለቃዬ ወፍ ታረባለህ ወይ ብሎኛል። ለቡና ቤቱ ሰዎች ሰላምታዬን ያድርሱ፤ ዝናብ አለመሆኑንም ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ