ካፖርት የለበሰችው የኢታንግ ልጅ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ካፖርት ለብሶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ከጎሬ የተሳፈረበት መኪና አሁን ማራገፉ ነው። ጎሬ ደጋ ናት። ጋምቤላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታ፣ በየካቲትና በመጋቢት ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሳይቀር ላብ በላብ ታደርገዋለች።

የወዳጄ ልብ ወለድ ከካርቶኑ ሲወጣ የሳቅነው ለዚህ ነው። ወዳጄ መምህር ነው፤ ኢታንግ ከተማ የሚጀምር፣ የባሮን ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ የፍቅር ታሪክ ጻፈ። ሽፋኑን አዲስ አበባ ለሚኖር ወጣት በቴሌግራም አዘዘ። ወጣቱ ለማንበብ ጊዜ አልነበረውም። «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» አለ፤ «ፍቅር» ተባለ፤ በቃው። ከኢንተርኔት አንዲት ፀጉረ ወርቃማ ፈረንጅ ከነካፖርቷ አውርዶ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ጥግ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ጣል አደረገላት። መጽሐፉ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ በተዘረጋ ሰሞን አንድ ሰውዬ አነሣው፣ አገላበጠውና ሻጩን ጠየቀ፦ «ስለ ወባ ነው?»

ወዳጄ ጥፋቱን ሊያርም ተነሣ፤ ሽፋኑን ሳይሆን ታሪኩን! በሁለተኛው እትም ጀግናዋን ሞስኮ ልኮ በረዶ ሊያዘንብባት አሰበ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ቀዳሚ የለውም ማለት አይቻልም። ደራሲው ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» የተባለ ልብ ወለዱን ሳይጨርስ የሽፋኑን ሥዕል ስለወደደው፣ ለሌላ መጽሐፍ እንዳይሰጥበት አርታኢውን ተማጽኖ፣ ሥዕሉን ታሪኩ ውስጥ እንዳስገባውም ጽፎለታል። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ልዩነቱ፣ ሠዓሊው ፍራንሲስ ኩጋት የሣለው ለዚያው መጽሐፍ ብሎ ነበር።

«ዋናው ይዘቱ ነው» የሚሉ ደራስያን አሉ። እውነት ነው፤ ግን ይዘቱ የሚገኘው ከተገዛ በኋላ ነው። ላስቲኩ ፊት የቆመ ሰው ያለው መረጃ ሥዕሉ፣ ርዕሱ፣ ከኋላ አገጩን በእጁ ደግፎ ለአገር የሚያዝነው የደራሲው ፎቶና ዋጋው ብቻ ነው። ዋጋውን አይቶ እንዳይደነግጥ ሌሎቹ ሦስቱ አስቀድመው ሊያባብሉት ይገባል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፀሐይዋም አርታኢ ናት። የኅትመት ቀለም ፀሐይ ላይ ሲውል ቀድመው የሚለቁት ቀዩና ቢጫው ናቸው፤ ሰማያዊና ጥቁሩ ይከርማሉ። ያ ቀይ ጽጌረዳ ቀስ በቀስ ግራጫ ጎመን ሆነ። ሴትዮዋም ሰማያዊ ሆነች፤ አሁንስ በእርግጥ የታመመች መሰለች።

ወጣቱን «ታዲያ ጋምቤላን የሚመስል ሥራ» ብንለው ኖሮስ? የባሰውን እፈራለሁ፦ የግራር ዛፍ፣ ከጀርባው የምትጠልቅ ብርቱካናማ ፀሐይ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ሰው ስለ አፍሪካ የተጻፉ 36 መጻሕፍትን ሽፋኖች ሰብስቦ ጎን ለጎን ቢደረድራቸው፣ ያው ግራር፣ ያችው ፀሐይ! ታሪኩ የትም ይሁን የት፣ ዛፉ አንድ ነው። የእኛ ከተማ ዛፍ ማንጎ ነው። ባሮም አለ፤ እንግሊዞች በእንፋሎት መርከብ እየወጡ ቡና የጫኑበት ወንዝ። በጋምቤላ ፓርክ በኩል ከደቡብ ሱዳን እየተመላለሰ የሚግጠው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ አለ፤ ካፖርት አይለብስም እንጂ ለሽፋን ከማንም አያንስም።

የመጽሐፉን ጎንም አትርሱት። አዟሪው መጻሕፍቱን ክንዱ ላይ ቆልሎ እስከ አገጩ ሲያደርሳቸው ፊቱ የሚታየው የላይኛው ብቻ ነው፤ የቀሩት የሚሸጡት በጎናቸው ነው። እዚያ ላይ ርዕሱን በጉንዳን ፊደል የሚያስጽፍ ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ደብቆታል።

ስለዚህ ደራሲ ሆይ፣ ሽፋን ስታሠራ ሠሪውን መጀመሪያ መጽሐፉን አስነብበው። «ጊዜ የለኝም» ካለህ ሌላ ፈልግ። አንብቦ ከሠራልህ ደግሞ ስሙን ውስጥ ገጽ ላይ አትምለት፤ ሒሳቡንም ሳትከራከር ክፈለው።