ልጁ የት ገባ?

የካልዲን ተረት ያልሰማ ሰው በአገራችን አይገኝም። እረኛው ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ ቀምሰው ሲፈነጥዙ አየ፤ እሱም ቀመሰ፤ ፍሬውን ወደ ገዳም ወሰደ፤ እሳት ውስጥ የተጣለው ፍሬ አካባቢውን አወደው፤ ዓለምም ቡናን አገኘ። ተረቱ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማይለቀኝ ጥያቄ አለ። እነዚያ ፍየሎች እንደዚያ ሲዘሉ ውለው በሰዓታቸው ገቡ? አምሽተው ከሆነስ ልጁን ቤቱ ምን ጠበቀው? ከብት ጠብቆ ላደገ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። አንዲት ፍየል ጎድላበት የገባ እረኛ ደጃፍ ላይ የሚቆየውን ልምጭ ያውቀዋል። ተረቱ የፍየሎቹን ደስታ ሲተርክ የልጁን ማታ ይዘለዋል።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው አንድ ክረምት ወደ ከፋ የወጣሁት። ሐሳቤ ቦንጋ ገብቼ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን ማየት፣ ከዚያም የአገሬው ሰው የቡና መገኛ ነው ወደሚለው ወደ ማኪራ ደን መውረድ ነበር። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከጅማ ወዲያ የሚቀረው ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዝናብ ከሌለ ለምሳ የሚደረስበት መንገድ ነው። እኛን ግን ዝናብ ያዘን።

ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ስንወርድ የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ መስኮት በጉም ተሸፈነ። የሚታይ ነገር ሲጠፋ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ አጫጭር ኮሜዲዎች ከፈተ፤ ድምፁ ለሁላችንም ይደርስ ነበር። በአንደኛው እናት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትወረውራለች፤ ልጁ ጎንበስ ሲል ጫማው አልፎ አባትየውን ግንባሩ ላይ ይለዋል። በሌላው አባት ቀበቶውን ፈትቶ ልጁን ሲያባርር ሱሪው ይወልቅበታል። በሌላው ደግሞ እናትየዋ ማማሰያ ከኋላዋ ደብቃ፣ ‹‹ና፣ ምንም አላደርግህም›› እያለች ታባብላለች። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ‹‹የኔ እናት ቁርጥ እንዲህ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረው›› አሉ። ሳቃቸው ውስጥ ናፍቆት ነበረበት። የዚህ ዓይነት ቀልድ ጉልበቱ ይህ ነው፤ የምንወዳቸውን ሰዎች ያስታውሰናል።

ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን እንደያዝን አንድ የጭነት መኪና ተንሸራትቶ መንገዱን በአግድሙ ዘግቶት አገኘነው። ረዳቱ ወርዶ አየና፣ ‹‹እዚሁ ነው የምናድረው›› ብሎ ተመለሰ። መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቡና ቤት ነበረች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ባለቤቷ ያን ያህል እንግዳ ባንዴ ገብቶባት የሚያውቅ አይመስለኝም። እሷ ትቆላለች፣ ታራግባለች፤ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው የሚባል ልጇ ስኒ ያጥባል፣ ዱካ ያቀርባል፣ ቆሎ ያዞራል። ወለሉ እኛ ባስገባነው ጭቃ ላቁጧል። ልጁ በአንድ እጁ ስኒ የተደረደረበትን ትሪ፣ በሌላው ጀበናውን ይዞ ሲመጣ እግሩ ከዳው። ጀበናው ተከሰከሰ፤ ከስኒዎቹም የተረፈ ብዙ አልነበረም።

እናቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ያነሳችው ማማሰያውን ነበር። ልጁ አንዴ አያት፣ አንዴ በሩን አየ፣ ከዚያም ወደ ጨለማው ወጣ። ‹‹ልክ እንደ ቪዲዮው!›› አለ አንዱ፤ ሰዎች ሳቁ።

ቪዲዮው ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እኛ ግን እዚያው ነበርን። ቡናው በሌላ ጀበና ተጣደ፣ ተፈላ፣ ተቀዳ፤ ልጁ አልተመለሰም። እናቱ በር ላይ ቆማ በከፊኛም በአማርኛም ተጣራች። መልስ የለም። ከቤቱ ጀርባ የቡናው ተክል ከጫካው ጋር ይገጥማል፤ ከታች ደግሞ ክረምት የሞላው ወንዝ ይጮሃል። ቀስ በቀስ ወሬው ሁሉ ቆመ። የስልክ መብራት አበራን፤ ሾፌሩ የመኪናውን ፋና ወደ ጫካው አዞረ፤ በቡናው መካከል እየገባን መፈለግ ጀመርን። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ አሁን፣ ‹‹ና! ማንም አይመታህም!›› እያሉ ይጮሃሉ። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አዛውንት፣ ዘመናቸውን በመምህርነት ያሳለፉ ሰው፣ ዝናቡ በባርኔጣቸው እየወረደ፣ ‹‹ድምፃችንን ይሰማል እኮ። የማያምነን ስለሆነ ነው የማይመጣው›› አሉ። ትክክል ነበሩ። ‹‹ና፣ ምንም አላደርግህም›› የሚለውን ቃል ልጆች ስንቴ ሰምተውታል? ስልኩ ላይ ስንስቅበት የነበረው ማባበያም ያው ቃል ነበር።

የተገኘው በራሳችን መኪና ውስጥ ነው። ረዳቱ ሸራ ሊያወጣ ሲገባ ከመጨረሻው ወንበር ሥር ሻንጣ መሃል ተኮራምቶ አገኘው፤ ሰውነቱ በስብሶ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ የጀበናውን እጀታ እንደጨበጠ ነው። እናቱ ሮጣ መጣች። እጇ ተነሳ፤ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወረደና አቅፋው ጮኻ አለቀሰች። ልጁ በአንገቷ ሥር ሆኖ፣ ‹‹ሠርቼ እተካዋለሁ›› ይላት ነበር።

ሌሊቱን ከምድጃው ዙሪያ አሳለፍነው፤ ወሬውም ከዚህ አልወጣም። ‹‹እኔም እኮ ልጄን ስለምወደው ነው›› አለች እናቱ። ‹‹በርበሬ ታጥኜ ነው ያደግሁት፤ ተቆንጥጬ ነው ሰው የሆንኩት። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል፤ ነገ ሰው ቤት ገብቶ ቢያጠፋ ማን ይታገሠዋል ብዬ ነው።›› ዕቃው ስንት እንደሚያወጣም ነገረችን። በዚያች ቤት ጀበናና ስኒ ማለት የሳምንት ገቢ ነው፤ ማማሰያውን ያስነሳው ቁጣ ብቻ አልነበረም። ባለስልኩ ወጣት አንገቱን ደፍቶ፣ ‹‹ቀልድ ነው እኮ ጋሼ፤ ማን ይጎዳበታል?›› አለ። መምህሩም እንዲህ አሉት፦ ‹‹በመሳቅህ አልወቅስህም ልጄ። በኔ ጊዜ ወላጅ ልጁን እያስረከበን፣ ‹ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ› ይል ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ያ ቪዲዮ ላይ የሮጠው ልጅ፣ እናንተ ሳቃችሁ ካበቃ በኋላ የት ገባ?››

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ የማነበውንም የማየውንም ነገር ቀይሮብኛል። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ‹‹የቶም ሶየር ጀብዱዎች›› መጀመሪያ ላይ አክስት ፖሊ አርጩሜዋን ስታነሳ ቶም ከኋላሽ አንድ ነገር አለ ይላታል፤ ዞር ስትል አጥሩን ዘሎ ይጠፋል፤ እሷም ከድንጋጤዋ ስትነቃ ትስቃለች። አንባቢም አብሯት ይስቃል፤ ምክንያቱም ቶም አምልጧል፤ ማምለጡንም እናያለን። ቻርልስ ዲከንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1861 ባጠናቀቀው ‹‹ታላላቅ ተስፋዎች›› ውስጥ ፒፕ የተባለውን ወላጅ አልባ ልጅ የምታሳድግ ታላቅ እህት አለች። የመምቻ በትሯ ስም ወጥቶለታል፤ ገጹ ያስቃል። ነገር ግን የሚተርከው ራሱ ፒፕ ነው። ስለዚህ ሳቁ ሲያልፍ ከልጁ ጋር እንቀራለን፤ ፍርሃት እንዴት እንዳስዋሸው፣ እንዴት እንዳሰረቀው፣ በሰው ፊት ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲሰማው እንዳደረገው እናያለን። ዲከንስ ቀልዱንም ልጁንም አልጣለም። የኛን አጫጭር ኮሜዲዎች ሳያቸው ካሜራው ሁልጊዜ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ይቆማል፤ ልጁ ከበሩ ሲወጣ ከታሪኩም ይወጣል።

ጥንታውያኑ ግሪኮች እንኳ ነገሩን እስከ መጨረሻው ገፍተውት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 አቴና ላይ በታየው የአሪስቶፋነስ ‹‹ደመናዎች›› የተባለ ኮሜዲ ልጅ አባቱን ይደበድበዋል፤ ከዚያም በልጅነቴ ትመታኝ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አባት፣ አዎን፣ ስለማስብልህ ነው ይላል። ልጁም፣ እኔም ስለማስብልህ ነው ብሎ ይመልስለታል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ነገር ግን እየሳቀ በገዛ አነጋገሩ ይያዛል። ትልቅ ኮሜዲ የሚባለው ይህን የሚያደርግ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ስዊድናዊቷ የልጆች ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1978 ጀርመን ውስጥ የሰላም ሽልማት ስትቀበል የተናገረችው ታሪክ አለ። አንዲት እናት ልጇን ልትገርፈው ፈልጋ፣ ሄደህ አርጩሜ አምጣ ብላ ላከችው። ልጁ ብዙ ቆይቶ እያለቀሰ ተመለሰ፤ አርጩሜ ስላጣ እንድትወረውርበት ድንጋይ ይዞላት መጣ። እናትየዋ ያኔ ነገሩን በልጇ ዓይን አየችው፤ ድንጋዩንም ማስታወሻ እንዲሆናት ማድቤት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ‹‹ሂድ፣ ልምጭ ቆርጠህ አምጣ›› የተባለ ልጅ በኛም አገር ስንት ነው! ይህችው ደራሲ የጻፈችው ኤሚል የተባለ አስቸጋሪ ልጅ ባጠፋ ቁጥር ዕቃ ቤት ይዘጋበታል፤ እዚያ ተቀምጦ ከእንጨት ምስል ይቀርጻል። ልጁ ወደ ቅጣቱ ሲገባ ደራሲዋ አብራው ትገባለች፤ ቀልዱም ውስጥ ይቀጥላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 በቤት ውስጥም ልጅ መምታትን በሕግ ከለከለች፤ መልእክቱንም ቤተሰብ ቁርስ ላይ እንዲያነበው በወተት ካርቶን ላይ አሳተመች።

የኛ ሕግ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው፤ ስለ ቤት ግን አንቀጹ አይናገርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ወንጀል ነው ካለ በኋላ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ብሎ ሕግ ሳይተላለፍ የሚወስደውን የእርምት እርምጃ ከክልከላው ያወጣል። ሕግ ያልተላለፈ እርምት የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው? ዳኛ ፊት ካልደረሰ በስተቀር ልኩን የሚያበጀው የየቤቱ ልማድ ነው። ልማዱን ደግሞ በየቀኑ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ አብረን የምንስቅበት ነገር ነው። በርበሬ ማጠን ቀልድ ሆኖ ሲመጣ ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ በሱ ላይ ሲደርስ አቤት የሚልበት ፊት ያጣል። ማን ጋ ሄዶ ቢያለቅስ የሚጠብቀው ሳቅ እንደሆነ ተምሯል።

ያለ ዱላ ልጅን ማሳቅ አንችልበትም እንዳይባል፣ ምስክሮች አሉን። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመታት በላይ በተረትና በምትሐት የአገሩን ልጆች ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የታየችው ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› የተባለው የልጆች ፕሮግራም ቀጭኔም በማያልቅ ጥያቄዋ ልጆችን ታስቃለች፤ ስትሳሳት የሚከተላት ልምጭ ሳይሆን ማስረዳት ነው። አማርኛ የሚያውቅ ተመልካች በዚህ ሁሉ ሲስቅ ኖሯል።

መንገዱ ረፋድ ላይ ተከፈተ። ቦንጋም ገባሁ፤ ሙዚየሙንም ደኑንም አየሁ፤ ስለ ቡና ብዙ ተማርኩ። ከጉዞው ይዤ የተመለስኩት ጉዳይ ግን የመምህሩ ጥያቄ ነው። ለደራሲዎቻችንና ለኮሜዲያን ወገኖቼ የምለው አለኝ። ድብደባን ከድርሰት አውጡ አልልም፤ በቤታችን ያለ ነገር መድረክ ላይ ባይታይ ይባስ ይደበቃል። የምለምናችሁ ልጁ ከበሩ ሲወጣ ካሜራውን አስከትላችሁ እንድትወጡ ነው። ወንበር ሥር ሲገባ፣ ለነገ ውሸት ሲያዘጋጅ፣ ጀበና የሚተካበትን ገንዘብ በልቡ ሲደምር አሳዩን። እናቱንም ጨካኝ አድርጋችሁ አትሳሏት፤ እጇ አየር ላይ የቆየባትን ያቺን ቅጽበት ስጧት። እዚያ ውስጥ ሳቅም አለ፣ እንባም አለ፣ ለወላጅ የሚሆን መውጫም አለ።

ወላጆችም፣ እንዲህ ያለ ትዕይንት ቤታችሁ ሲመጣ ለአፍታ አቁሙትና አጠገባችሁ የተቀመጠውን ልጅ፣ ‹‹አሁን ይህ ልጅ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?›› ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት። ስለ ቪዲዮው ልጅ ብቻ እንደማይነግራችሁ እርግጠኛ ነኝ።