ጭብጨባ በውሎ አበል

ሀዋሳ ለስብሰባ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ውሎ አበል ታስከፍላለች፤ መንገዱ ግን ወገብ አይቆርጥም። ሐይቅ አላት፣ ዓሣ አላት፣ የአዳራሽ ችግር የለባትም። ለዚህ ነው ኩባንያዎች የሕዝብ ውይይት አዳራሽን በተከፋይ ታዳሚ የሚሞሉበት ጥበብ በባሕር ማዶ ሰዎች ስም ሲጠራ ቅናት የሚይዘኝ። ልምዱም ተሰብሳቢውም እኛ ዘንድ ሞልቶ ሳለ ክብሩን አሜሪካኖች ወሰዱት።

የወሰዱትም በወጉ ሳይካኑበት ነው። በየካቲት 2000 ዓ.ም.፣ እኛ የሚሊኒየሙን በዓል ገና አክብረን ሳንጠግብ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በሀርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የሕዝብ መድረክ ጠራ። ጉዳዩ የኢንተርኔት አገልግሎት ነበር፤ ኮምካስት የተባለው ግዙፍ ኩባንያ የደንበኞቹን የፋይል ልውውጥ ያደናቅፋል ተብሎ ተከስሷል። ኮምካስት ምን አደረገ? ለሰው ከፍሎ ወንበር አስያዘ። ተከፋዮቹ ማልደው ገብተው ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹም እንቅልፋቸውን ለጠጡ፣ ተኝተውም ፎቶ ተነሡ። ሊናገር የመጣው ሰው ደጅ ቀረ። ኩባንያው ሲጠየቅ፣ የከፈልኩት ለሠራተኞቼ ቦታ እንዲይዙልኝ ነው አለ።

የልምድ ማነስን እዩልኝ! የእኛ ሰው ዓይኑን ገልጦ መተኛት የቻለው ድሮ ነው። አገጩን በመዳፉ ደገፍ፣ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ ቀጥ ያደርግና ይተኛል፤ ከመድረክ «አመሰግናለሁ» የምትል ቃል ጆሮው ስትገባ ብቻ ነቅቶ ያጨበጭባል። ይህን ሰው ሀርቫርድ ቢያገኘው ኖሮ ኮምካስት ባልተዋረደ።

ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ላይ ሙያው ተሻሻለ። ኢንተርጂ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ 128 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የጋዝ ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የከተማውን ምክር ቤት ይሁንታ ይፈልግ ነበር። በጥቅምትና በየካቲት 2010 ዓ.ም. በተጠሩት መድረኮች ላይ ተመሳሳይ ብርቱካናማ ካናቴራ የለበሱ ደጋፊዎች ወንበሩን ሞሉት፤ ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ቦታ አጥተው ውጭ ቀሩ። ምክር ቤቱም 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። ሚያዝያ ላይ ዘ ሌንስ የተባለ የአካባቢው የዜና ተቋም ጉዱን ዘረገፈው፦ ከደጋፊዎቹ መካከል የተቀጠሩ ተዋንያን ነበሩ። ታሪፉም ወጣ። ለመቀመጥና ለማጨብጨብ 60 ዶላር፣ ተጽፎ የተሰጠውን ንግግር ለሚያሰማ 200 ዶላር። ምስጢሩን ላያወጡም ፈርመው ነበር። ኩባንያው በበኩሉ፣ እኛ አናውቅም፣ የቀጠርነው ድርጅት የቀጠረው ሌላ ድርጅት ነው አለ።

ባለሀብቶች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ምክር ቤቱ ኩባንያውን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። የማመንጫው ወጪ 210 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መቶ ብር በሚያወጣ ዕቃ ላይ ሁለት ብር ከሃምሳ የማይሞላ ቅጣት ማለት ነው። ምክር ቤቱ ፈቃዱን ሻረው? አልሻረውም። ማመንጫው ተገንብቶ ሥራ ጀመረ። ሥነ ምግባር እንዲህ በቅናሽ የሚገኝበት ገበያ የት አለ?

ለነገሩ የእኛ ታሪክ ይቀድማል። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ይቀጣ ነበር። አደባባይ ወጥቶ መፈክር ላሰማ ሰው አበል የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሰላም ቤቱ መመለሱ ራሱ አበሉ ነበር። ዛሬ ተሰብሳቢ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የትራንስፖርቱን ተቀብሎ፣ ሻይ ቡና ጠጥቶ፣ ምሳ በልቶ ይሄዳል። ከቅጣት ወደ ክፍያ መሸጋገር ዕድገት ካልሆነ ዕድገት ምንድን ነው? ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ያልደረሰችበት አንድ ፈጠራ አለን፤ የአቋም መግለጫ። ተሰብሳቢው ገና ከቤቱ ሳይወጣ አቋሙ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በአንድ ሰው የኮት ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር የተመቻቸ ስለሆነ ምክሬን ልስጥ። አንድ ኩባንያ ጥቁር ውሃ ወንዝ አጠገብ ፋብሪካ ሊተክል አሰበ እንበል። ጥቁር ውሃ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ እንደሚገባም ተመራማሪዎች ሲጽፉ ኖረዋል። ሐይቁ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል፤ ቆሮሶውም አምባዛውም የሚኖረው በዚያው ውስጥ ነው። ይህን ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አዳራሽ መግባት የሌለባቸው እነሱ ናቸው።

ስብሰባው ጧት ይሁን፤ አጥማጁ የሌሊት ድካሙን የሚሸጥበት ሰዓት ነዋ። ጥሪው በደብዳቤ ለባለድርሻ አካላት ብቻ ይድረስ፤ ባለድርሻ ማለት ደብዳቤው የደረሰው ሰው ነው። ወንበሩን ካናቴራና ኮፍያ የታደላቸው ወጣቶች ከማለዳው ይያዙት። መድረኩ ለውይይት ክፍት ሲደረግ የመጀመሪያው ተናጋሪ «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ያመስግን። ሁለተኛው «ይህ ፕሮጀክት እስከ ዛሬ ለምን ዘገየ?» ብሎ ይቆጣ። በቁጣው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ ጋዜጠኛ ምስጋናን ይጠረጥራል፣ ቁጣን ያምናል። ሦስተኛው ደግሞ ትንሽ ይተች፤ ስለ መብራት መቆራረጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ኩባንያውን አይነካም፣ «ገንቢ አስተያየት» ለሚለው ዜናም ይሆናል። ምናልባት አንድ እውነተኛ አጥማጅ ጎማ ጫማውን እንደተጫማ ሾልኮ ገብቶ እጁን ቢያወጣ አትደንግጡ። ሰዓት አልቋል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባ።

ሕግስ? ይኸውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ አንቀጽ 92 ስለ አካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ደግሞታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ አስተያየትም እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። እናንተም ሰብስባችኋል፤ ያውም ከፍላችሁ። እዚያው አንቀጽ ላይ «በተለይ» ብሎ ጉዳቱ ሊደርስበት ስለሚችለው ማኅበረሰብ የሚናገረውን ግን ፈጠን ብላችሁ አንብባችሁ ብታልፉት ይሻላል።

አንድ ስጋት ብቻ አለኝ። ሀዋሳ ያለችው በሲዳማ አገር ነው። ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ጉባኤ አላቸው፤ አፊኒ በሚሉት ሥርዓታቸው ጉዳዩን ሁሉም በሚገባ ሳይሰማውና ሳይመክርበት አይቆረጥም። ፕሮጀክተር የለ፣ ካናቴራ የለ፣ የመግቢያ ባጅ የለ። ቀኑን ሙሉ ይነጋገራሉ፤ ሳይቋጭ ቢመሽ ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ለኢንቨስትመንት የማይመች ነገር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን እዚያ የሚቀመጡት የሚተዋወቁ ሰዎች መሆናቸው ነው። ተከራይቶ የመጣ ሰው ገና «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ነገሩ ያበቃል።

አንዳንዶች ይህን የተከፋይ ታዳሚነት ሙያ ከአስለቃሽ ጋር ሲያመሳስሉት ሰምቻለሁ። አስለቃሿን መሳደብ ነው። እሷ ልቅሶ ቤት ስትጠራ የሟቹን ስም፣ የአያት ቅድመ አያቱን ስም፣ ያደረገውን ደግ ነገር ጠይቃ ታጠናለች። የተከፈላት መሆኑን ድንኳኑ ሁሉ ያውቃል። የሟቹን እናት ከድንኳን አስወጥታም በቦታዋ አትቀመጥም።

ሌሎች ደግሞ ድሀ ሥራውን ፈትቶ ሲመጣ ቢከፈለው ምን ክፋት አለው ይሉኛል። ምንም ክፋት የለውም። አጥማጁ የዕለት ገቢውን ትቶ ቢመጣ ሊካስ ይገባል፤ እንዲያውም ሳይካስ ና ማለት አትምጣ ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተነሥቶ «ይህ ፋብሪካ እዚህ አይተከል» ያለው ሰውም አበሉን ይቀበላል? ከተቀበለ የትራንስፖርት ነው። ካልተቀበለ ግን የተከፈለው ለመጣበት ሳይሆን ለተናገረው ነው፤ ለተናገረው የሚከፈለው ሰው ደግሞ የሚናገረው የከፋዩን ቃል ነው። እንዲህ ከሆነ ኩባንያው ራሱን ጠርቶ፣ ራሱን አወያይቶ፣ ራሱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል፤ ወጪው ለምን አስፈለገ?

ካናቴራውን የለበሰውን ወጣት አልወቅስም። ሥራ አጥቶ የዋለ ሰው ምሳ ያለበትን ቦታ መርጦ መሄዱ አይፈረድበትም። የሚወቀሰው ወንበሩን የገዛው ነው። ከእሱም በላይ የሚወቀሰው ወንበሩ መገዛቱን እያወቀ «ሕዝቡ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ደገፈ» ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርመው ባለሥልጣን ነው። ገዢ ብቻውን ገበያ አያቆምም፤ ተቀባይ አግኝቶ ነው። ኒው ኦርሊንስ ላይ ቢያንስ ጋዜጠኛ ነበረ፣ መርማሪ ተሰየመ፣ ቅጣቱም አንሶም ቢሆን ተጣለ። እኛ ዘንድ ግን የውሎ አበሉ ሰነድ ለሒሳብ ማወራረጃ ይፈለጋል እንጂ ለሌላ ጥያቄ አይፈለግም።

ስለዚህ ሀዋሳ ላይ የሕዝብ ውይይት መድረክ ለምትመሩ ሁሉ ቀልዱን ትቼ አንድ ልመና አቀርባለሁ። በር ላይ የምታስፈርሙት ቅጽ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክና ፊርማ የሚል ዐምድ አለው። አንድ ዐምድ ጨምሩበት፦ «ለመምጣትዎ የከፈለ አለ? ማን? ስንት?» ቅጹም ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ስብሰባውንም ዓሣ አጥማጆቹ ሸጠው በሚጨርሱበት ሰዓት ጥሩት፤ የፊት ረድፉንም ለእነሱ ተዉላቸው።