ልጁ ይለካው

እሁድ ማለዳ ሰንበቴ ከተማ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ መጥቶ ቆመና ሹፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ ወደ ገበያ ነው?» አለኝ። የትኛውን ሽማግሌ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። አንዲት ፍየል ብቻ ቆማለች።

ዕድሜዬ 47 ነው። ባጃጁን ትቼ በእግሬ ገሰገስኩ። ንዴት ጉልበት ይሰጣል፤ ለሁለት መቶ ሜትር ያህል። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር መንቋቋት ሲጀምር ቀስ አልኩና አሰብኩ። በ1996 የወጣው የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ኅብረት ቻርተር ለቀቅ ብሎ እስከ 35 ያደርሰዋል። ኅብረቱ እጁን ከዘረጋ አይቀር 12 ዓመት ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?

የምሄደው ለመገበያየት አልነበረም። ለመንገድ ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ እኔም ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቻለሁ።

በዚህ አገር ከተማ ስሙን ከሳምንቱ ቀን ይዋሳል። ከሚሴ በኦሮምኛው ሐሙስን ትመስላለች፤ ሰንበቴ ደግሞ ሰንበት ናት፤ እሁድ እዚህ የዋለ ነጋዴ ሰኞን ባቲ ይውላል። አፋሩ ከቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ፣ ቅቤ ይዞ ይመጣል። ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ማሽላውን፣ ማሾውን፣ ጥጡን አውጥቶ ይጠብቃል። ወደ ገበያው ከሚያስገቡት መተላለፊያዎች አንዱ በእኛ ሰፈር ጀርባ ነው የሚያልፈው። ታርጋ የለውም፤ ኮብልስቶንም አላየም። የግመሉ መንገድ እንለዋለን፣ በቃ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ እዚያ ሚስማር ሲመታ ተሰማ። ሲነጋ መንገዱ ቆርቆሮ ሆኖ አደረ።

ባለቆርቆሮውን ስሙን አልጠራም፤ አንድ ወንበር ላይ አብረን ተምረናል። «መንገድ ነው የሚል ካርታ ያምጣ» ብሎ ደረቱን ነፍቷል። ካርታማ ማን አለው? ግመሎቹ እስከ ዛሬ የመጡት ያለ ካርታ ነው።

ዋርካው ሥር ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ትንሹ ሰባን ተሻግረዋል። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተቀዳ፣ ክሱ ተሰማ። እኔም ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ አልበቃ ብሎኝ ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጎዳናና መንገድን ከሕዝብ ንብረት እንደሚቆጥር፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው እንደሚል አስረዳሁ። ጸጥ አሉ። በሒና የቀላ ጺማቸውን እያሻሹ ሲያዳምጡኝ የነበሩት ሃጂ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉና፣ «ልጁ አንብቧል» አሉ።

ልጁ!

የጠዋቷ የፋዘር ቁስል ላይ ቅቤ ተቀባ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጠኝ? ሌላው ሽማግሌ ደግሞ በኦሮምኛ «ሙጫ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጅ ማለት ነው፤ በአማርኛ የሚያጣብቀው ነገር። በሁለቱም ቋንቋ ልክ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ከሽማግሌዎቹ ተጣብቄ ዋልኩ።

በኋላ እንደገባኝ ግን ልጅነት ሥራ አለበት። ውሃ የሚያመጣው ልጁ ነው። ጀበናውን የሚያቀብለው ልጁ ነው። «እስኪ ከወዲያ በኩል ምን እንዳለ ይይ» ሲባል ቆርቆሮው ላይ የሚንጠላጠለውም ልጁ ነው። ተንጠላጠልኩ። ሱሪዬ ቀድሞኝ ወረደ ማለት ይቻላል፤ ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲተረተር ሰምቼ ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ።

መንገድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ማለቂያ ሲያጣ ሃጂው አንድ ግመል የሚስብ አፋር ጠርተው፣ «ገመዱን ልቀቅላት» አሉት። ለቀቃት። ግመሏ ሰፊውን መግቢያ እንዳላየ አልፋ፣ ወደ ሰፈራችን ታጥፋ፣ ቀጥ ብላ መጥታ አፍንጫዋን ከቆርቆሮው አስጠግታ ቆመች። ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ግመሎች ቆሙ፤ ከእነሱ ኋላ ፍየሎች፤ ከፍየሎቹ ኋላ ማሾ የተሸከሙ ሴቶች። ግመሏ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ አጓራች። እንዲህ ያለ አቤቱታ በየትኛውም ችሎት ሰምቼ አላውቅም።

ባለቆርቆሮው፣ «ግመል ምስክር አይሆንም!» አለ።

«እኛስ መቼ አስማልናት?» አሉ ሃጂው። «አየናት እንጂ።»

የቀረው ስፋቱ ነበር። ሁለት የተጫነ ግመል ጎን ለጎን ሳይነካካ ይለፍ ተባለ። ይህ በሜትር ስንት ነው? የእውነተኞቹ ግመሎች ባለቤቶች ገበያ እየረፈደባቸው ነው፤ በሌላኛው መግቢያ ዞረው ሄደዋል። «ልጁ ይለካው» ተባለ። ሜትር እንደሚሰጡኝ ስጠብቅ ሁለት ባዶ ከረጢት ሰጡኝ። እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ በየእጄ ከረጢት አንጠልጥዬ ቆምኩ። አንድ ግመል ሆንኩ። ሁለተኛው ግመል ማን ይሁን ሲባል ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው ባለቆርቆሮው ላይ አረፈ።

«አንተም ና።»

መጣ። ምን ያደርጋል? ጎን ለጎን እጃችንን ዘርግተን ቆምን። ሃጂው መለኪያ ገመድ ይዘው በፊታችን ሲያልፉ፣ ወደ ሌሎቹ ዞረው ስለ እሱ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «አትፍረዱበት፤ ልጅነቱ ነው።» የሁለት ልጅ አያት ነው እኮ! ቆርቆሮውን ያቆመው ልጅነቱ ከሆነ፣ የእኔን ሱሪ የቀደደውም ልጅነቴ ነው።

በገዳ ሥርዓት ሰው በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ይሻገራል፤ ዩኔስኮም በኅዳር 2009 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በእኛ ሰፈር የሚያሻግረው ቀብር ነው። ከፊትህ የተቀመጡት ሽማግሌ ቦታ እስኪለቁ አንተ ልጅ ነህ፤ እሳቸው ደግሞ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ የሚለቁ አይመስሉም።

እጃችንን እንደዘረጋን ያ የጠዋቱ ባጃጅ በአጠገባችን አለፈ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አየኝ፣ ከረጢቶቹን አየ፣ ወገቤ ላይ ያሠርኩትን ጋቢ አየ። ፋዘር ሊል አፉን ከፍቶ፣ ሳይለው ዘጋውና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ባለቆርቆሮው ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ሚስማር እንነቅል ነበር። እሱ ዝም፣ እኔም ዝም። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጉልበትህ ሲንቋቋ ይሰማኛል» አለኝ። «የአንተ ነው» አልኩት። ሃጂው ከዋርካው ጥላ ሥር ከዘራቸውን አነሡ።

«እናንተ ልጆች! ሚስማሩን አትጣሉት፣ ይቃናል!»